የስድስት ጎራሽ ቅጂዎች ያስተማሩኝ

የምሰበስበው እውነተኛውን ጥንታዊ ሽጉጥ አይደለም፤ ኪሴ አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከነሳጥኑ የቆየ አንድ የ1847 «ኮልት ዎከር» አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 1.84 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። የእኔው ዎከር ጣሊያን አገር የተሠራ ቅጂ ነው፤ በጥቂት መቶ ዶላር የተገዛ። እንደ ዋናው ባሩድና የእርሳስ ድብልብል በሲሊንደሩ ፊት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ያጨሳል፣ እጅ ያጠቁራል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ጋራዥ እሠራ ነበርና ወደዚህ ነገር የሳበኝ ብረት ፈትቶ የመግጠም አመል ነው፤ ታሪኩ ኋላ መጣ። አሁን ግን ከካቻቢቴው ይልቅ መጽሐፉን የማነሳበት ጊዜ ይበዛል። እስካሁን የያዝኩትን ለመሰሎቼ ላካፍል። ቅደም ተከተሉን እንደ ደረጃ አትዩት፤ እንደመጣልኝ ነው።

ቅጂ ከመግዛት በፊት ዋናውን ማወቅ

ገበያው ላይ «የ1851 ኔቪ፣ 44 ካሊበር፣ የናስ ፍሬም» እየተባለ የሚሸጥ ሽጉጥ ሞልቷል። ያምራል፣ ርካሽ ነው፣ ጀማሪ ሁሉ በእሱ ይጀምራል። ችግሩ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ኮልት ሠርቶ አለማወቁ ነው። የኮልት ኔቪ 36 ካሊበር ነው፤ ፍሬሙም ብረት ነው። በሲሊንደሩ ዙሪያ የተቀረጸው ሥዕል የቴክሳስ መርከቦች በ1843 በካምፔቼ ባሕር ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር የገጠሙትን ውጊያ ያሳያል፤ ሥዕሉን የሠራው ዋተርማን ኦርምስቢ የተባለ የቅርጽ ባለሙያ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቅጂውን ሲያገላብጥ የሚያየው ነገር አለው። ያላወቀ ሰው የሚያየው የሚያብረቀርቅ ብረት ብቻ ነው።

«1858 ረሚንግተን» የሚባለውም በ1858 የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ያ ቀን አፈሙዙ ላይ የተጻፈ የፓተንት ቀን ነው፤ ሽጉጡ በዛሬው መልኩ መውጣት የጀመረው በ1863 ነው። አጭር አፈሙዝ ያላቸው፣ ዝገት በማይነካው ብረት የተሠሩ፣ ብር የተቀቡ ረሚንግተኖችም አሉ። መጥፎ ሽጉጦች ናቸው አልልም፤ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የተሻሉ ተኳሾች ናቸው። ግን የማንም ቅጂ አይደሉም። ቅጂ ዋናው ሊኖረው ይገባል።

የናስ ፍሬሙ ታሪክ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ1861 እስከ 1865፣ ደቡቦቹ ብረት አጥሯቸው ነበር። ጆርጂያ ውስጥ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ግሪስዎልድ ፋብሪካውን ወደ ሽጉጥ ሥራ አዞረና የኮልትን ኔቪ በናስ መሰል ፍሬም ማባዛት ያዘ፤ 3,700 ገደማ ሽጉጥ ወጣ። በ1864 ኅዳር ላይ የሰሜኑ ፈረሰኛ ደርሶ ፋብሪካውን አቃጠለው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይሄ ራሱ ቅጂ ነበር። ዛሬ የምንገዛው የቅጂ ቅጂ ነው።

በዚያ ፋብሪካ ማሽኑ ላይ ከቆሙት ሠራተኞች አብዛኞቹ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በባርነት ያቆያቸው ዘንድ ለሚዋጋ ሠራዊት ሽጉጥ ይሠሩ ነበር። የዚህ ሽጉጥ ቅጂ እኔም ጋ አለ። የሽጉጥ ትርዒት ላይ ስለ ደቡብ ጄኔራሎች ጀግንነት ሲያወሩልኝ ሰምቻቸው ዝም እላለሁ፤ ቤቴ የመጣ እንግዳ ሲጠይቀኝ ግን የምናገረው ስለ እነዚያ ሠራተኞች ነው። ስማቸው አልተቀረጸበትም። ሽጉጡ ግን ከእጃቸው ነው የወጣው።

ናሱ ያምራል፤ አትሸነፉለት

ናስ ከብረት ይልሳል። በእያንዳንዱ ተኩስ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ይገፋና ከጀርባው ያለውን ፍሬም ይመታዋል። ባሩድ እየበዛበት ብዙ የተተኮሰበትን የናስ ሽጉጥ ፈታታችሁ ከኋላ ብታዩት የሲሊንደሩ ጥርሶች ቅርጽ ክብ ሆኖ ናሱ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፤ አፈሙዙን የሚይዘው ምሰሶም ከናሱ መላቀቅ ይጀምራል። ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው፤ ሻጩ «ሁለቴ ብቻ ነው የተተኮሰበት» ቢልም ናሱ ራሱ ይመሰክራል።

ኮልት ወይስ ረሚንግተን?

ይህ ክርክር የቡና እና የጊዮርጊስ ደጋፊዎችን ያህል ያጨቃጭቃል። የእኔ ፍርድ ይኸው።

ረሚንግተን ከሲሊንደሩ በላይ የሚያልፍ የብረት ድልድይ አለው፤ ፍሬሙ ዙሪያውን ዝግ ነው። ጠንካራ ነው፣ ማነጣጠሪያው ፍሬሙ ላይ ስለሆነ አይነቃነቅም፣ በሁለት የባሩድ ቀዳዳዎች መካከል መዶሻው የሚያርፍበት ጎድጓዳም አለው። ድክመቱ ሲሊንደሩ የሚሽከረከርበት ዘንግ ቀጭን መሆኑ ነው፤ የባሩድ ጥላሸት ቶሎ ይገባበትና ይይዘዋል። ኮልት ላዩ ክፍት ነው፤ አፈሙዙን ከፍሬሙ ጋር የሚያስረው ከጎን የሚገባ አንድ ትንሽ የብረት ሽብልቅ ብቻ ነው። ለመካኒክ ዓይን ይህ ያስደነግጣል። ግን ምሰሶው ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን ግራሶ የሚይዝ ቦይ ተቆርጦለታል፣ ስለዚህ ቆሽሾም ይሽከረከራል። እጅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አፈሙዙ ጣት የሚጠቁምበትን ቦታ ያውቃል። ለተኩስ ረሚንግተንን፣ ለመያዝ ኮልትን እመርጣለሁ።

አንድ የጋራዥ ምክር ለኮልት ቅጂ ባለቤቶች፦ በአንዳንድ ቅጂዎች የምሰሶው ጫፍ አፈሙዙ ውስጥ ካለው ቀዳዳ መጨረሻ አይደርስም። ሽብልቁን ጠበቅ አድርጋችሁ በመታችሁት ቁጥር አፈሙዙ ወደ ኋላ እየተሳበ ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ ላላ ስታደርጉት ይከፈታል። ዋናው ኮልት እንዲህ አልነበረም፤ ምሰሶው መጨረሻ ደርሶ ይቆማል። ቀዳዳው ውስጥ በልኩ የተሞረደች ቀጭን ዙር ብረት ብታስገቡለት ሽጉጡ ሌላ ሽጉጥ ይሆናል። ሽብልቁንም በብረት መዶሻ አትምቱት፤ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይበቃዋል።

ጣሊያኖቹንና ማኅተማቸውን ማወቅ

ጣሊያንና እኛ በመሣሪያ ጉዳይ የቆየ ሒሳብ አለን፤ በዚህ በኩል ግን ባለውለታዎቻችን ናቸው። ከብሬሺያ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ፣ ጋርዶኔ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ መሣሪያ ሲሠራ ዘመናት አልፏል፤ ቤሬታ እንኳ ከ1526 ጀምሮ እዚያው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቫል ፎርጌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ የእርስ በርስ ጦርነቱ መቶኛ ዓመት መቃረቡን አይቶ ወደዚያ ሄደና የኮልት ኔቪ ቅጂ አሠራ። ኡቤርቲ፣ ፒየታና ፔደርሶሊ የተባሉት የዚያው አካባቢ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ሥራ ያዙ። ዛሬ በአሜሪካ የጦርነት መታሰቢያ ትርዒት ላይ የሚጮኸው ሽጉጥ አብዛኛው የዚያ አካባቢ ልጅ ነው። በልጅነታችን አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያየናቸው የጣሊያን ካውቦይ ፊልሞችም በእነዚሁ ቅጂዎች ነው የተሞሉት። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1966 ባወጣው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» ክሊንት ኢስትዉድ የያዘው ኔቪ ቀለህ ጥይት እንዲጎርስ የተለወጠ ነው፤ ታሪኩ ግን በ1862 ነው የሚካሄደው፤ ኮልት እንዲህ ያለውን ለውጥ ያመጣው ከዚያ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ይህን ማወቅ ፊልሙን አያበላሽም። ባለቤቴ ግን ያበላሻል ትላለች።

በጣሊያን ሕግ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመሸጡ በፊት በመንግሥት መፈተሻ ጣቢያ ተተኩሶ ይታያል፤ ካለፈ ኮከብ ያለበት ማኅተም ይመታበታል። ከጎኑ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተፈተሸበት ዓመት ምልክት አለ፤ እስከ 1974 በሮማውያን ቁጥር፣ ከ1975 ጀምሮ በሁለት ፊደል፤ ኤኤ ካያችሁ 1975 ነው፣ ኤቢ ካያችሁ 1976። ያገለገለ ሽጉጥ ዕድሜውን የሚነግራችሁ ይህ ነው።

የሐሰተኛንም ሥራ የሚያጋልጠው ይኸው ማኅተም ነው። አንድ የሽጉጥ ትርዒት ላይ አንድ ሻጭ በቀይ ከፋይ ላይ ያስተኛውን ኔቪ «ከቅድመ አያቴ የወረስኩት፣ ከጦርነቱ የተረፈ» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጠራበት። ዝገቱ ይማርካል፣ የእንጨቱ እጀታ ተልጦ ወዝ ጠጥቷል። ፈቃዱን ጠይቄ አነሳሁት፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መጠቅጠቂያ ዘንግ አውርጄ ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። ስምንት ማዕዘን የሆነው አፈሙዝ በሁሉም ገጹ ቀጥ ያለ ነው፤ ዘንጉ በሚሸፍነው ገጽ ላይ ብቻ እንደ ሳህን መሐል ጎድጎድ ብሏል። ሞረድ የሄደበት ነው። እዚያ የነበረውን ጽሑፍ ፍቀውታል። ሲሊንደሩን ሳዞረው ደግሞ ዝገቱ ሥር ከኮከቡ ሁለት ጫፎች ቀርተዋል። መልሼ ከፋዩ ላይ አስተኛሁትና አመስግኜ ሄድኩ። ከጎኔ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ተከተለኝና «አየኸው?» አለኝ። «አየሁት» አልኩት። እሱም አይቶት ኖሯል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ኮልት ራሱ ነው። ኩባንያው በ1971 የድሮዎቹን ሽጉጦች በራሱ ስም እንደገና ማውጣት ጀመረ፤ ክፍሎቹ ግን ከኡቤርቲ ተገዝተው አሜሪካ የተገጣጠሙ ናቸው። ከ1994 ጀምሮም በኮልት ፈቃድ ብሩክሊን ውስጥ የተገጣጠሙ፣ የሳሙኤል ኮልት ፊርማ እጀታቸው ላይ ያለባቸው ወጥተዋል። እነዚህ ዋና ናቸው ወይስ ቅጂ? ሰብሳቢዎች «ሁለተኛ ትውልድ»፣ «ሦስተኛ ትውልድ» እያሉ ይገላገላሉ፤ ዋጋቸውም ከተራው ቅጂ ከፍ ይላል። እኔ ለስም ብቻ ያን ያህል አልጨምርም።

ባሩድ ጌታ አያውቅም

ጥቁር ባሩድ ማለት ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ ነው፤ በመቶ 75፣ 15፣ 10። ቅጂዎቹ ላይ «ጥቁር ባሩድ ብቻ» ተብሎ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። ጭስ አልባው የዘመኑ ባሩድ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሽጉጡ እጅ ላይ ነው የሚፈነዳው። ድርድር የለውም።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ባሩድ ከእቃው በቀጥታ ወደ ሲሊንደር አይገለበጥም፤ ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ፍም ቢኖር እሳቱ ተመልሶ እቃውን ሁሉ ይይዛል። በመለኪያ ተሰፍሮ ነው። ድብልብሉ ከቀዳዳው ጥቂት ወፈር ማለት አለበት፤ በዘንጉ ሲጠቀጠቅ ዙሪያውን ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ከወደቀ በደንብ ዘግቷል ማለት ነው። ያ ቀለበት ካልወደቀ ወይም ከኋላ እንደ ቆብ የሚጠለቀው የመዳብ ካፕ ልል ከሆነ፣ ከአንዱ ቀዳዳ የተነሳው እሳት ወደ ጎረቤቱ ዘሎ ሁለት ሦስቱ በአንዴ ሊተኩሱ ይችላሉ። ስድስት ጎራሽ ቢባልም አምስት ነው የሚሞላው፤ መዶሻው ባዶው ላይ ይረፍ። መነጽር ሳያደርግ የሚተኩስ ሰው አጠገብ አልቆምም፤ የመዳቧ ካፕ ስትፈነዳ ትበጣጠሳለች።

ዎከርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሽጉጡ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአንድ ቀዳዳ 60 ግሬን፣ ማለትም ወደ አራት ግራም የሚጠጋ ባሩድ ይይዛል። በ1847 ሲሠራ ከ1,100 አልበለጠም፤ ከዘመኑ ብረት ድክመት የተነሳ ሲሊንደሮቹ እየተሰነጠቁ ብዙ አስቸግሯል። ሽጉጡ በስሙ የተጠራው ካፒቴን ሳሙኤል ዎከር ራሱ በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ ሞተ። መጠቅጠቂያ ዘንጉ ሲተኮስ በንዝረቱ ከቦታው ይወድቃል፤ ቅጂውም ይህን አመል ሳያስቀር ወርሷል። የድሮ ሰዎች በጠፍር ያስሩት ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

ተኩሱ ደቂቃ፣ ማጽዳቱ ግማሽ ቀን

የባሩድ ጥላሸት ከአየር እርጥበት ይስባል። ቅዳሜ ተኩሶ እሑድ አጸዳለሁ ያለ ሰው እሑድ የሚያገኘው ቀይ ዝገት ነው። መድኃኒቱ ሙቅ ውኃና የዕቃ ሳሙና ነው፤ ውድ ፈሳሽ መግዛት አያስፈልግም። ፈትቶ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት። በሚተኮስበት ጊዜ ግን የሞተር ዘይት ከባሩድ ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፤ ስለዚህ የድሮዎቹ ሞራና ሰም ይጠቀሙ ነበር። ለዚህ እኛ አንቸገርም። የፋሲካውን በግ ሞራ አንጥሬ ከሰም ጋር አቀልጠዋለሁ፤ በሱቅ ከሚሸጠው ማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ድስቱ ለብቻው መሆን እንዳለበት ግን ከቤት አስጠንቅቀውኛል፤ የድኙ ሽታም የተበላሸ እንቁላል ስለሆነ ሥራው ሁሉ የሚሠራው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው።

ሕጉ እንደ ግዛቱ ነው

የ1968ቱ የፌዴራል የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እስከ 1898 የተሠሩትንና የዘመኑን ቀለህ ጥይት እንዳይጎርሱ ሆነው የተሠሩ ቅጂዎቻቸውን «ጥንታዊ» ብሎ ከተራው መሣሪያ ይለያቸዋል። በብዙ ግዛቶች በፖስታ ታዝዞ በር ድረስ የሚመጣው ለዚህ ነው። ኒው ጀርሲ ግን የግዢ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ኮልት በ1836 የመጀመሪያውን ፋብሪካ የከፈተባት ፓተርሰን ያለችው እዚያው ኒው ጀርሲ መሆኑ ይገርመኛል። ስለዚህ የጎረቤት ግዛት ጓደኛ ነገረኝ አይባልም፤ የግዛቱንም የከተማውንም ሕግ ማየት ነው።

ከሕጉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። መንገድ ላይ ያስቆመ ፖሊስ ቅጂና ዋና፣ ባሩድና ቀለህ አይለይም፤ በተለይ የያዘው ሰው የእኛን መልክ ከያዘ። ወደ ተኩስ ሜዳ ስሄድ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ ከመኪናው ኋላ ነው፤ ባሩዱ ለብቻው። መንገድ ላይ ቡና አልጠጣም፣ ጓደኛ ቤት ጎራ አልልም። ወደ አገር ቤት ለስጦታ ይዤ ልግባ የሚል ካለም ይተወው። ጉምሩክ ላይ «ቅጂ እኮ ነው» የሚል ክርክር አያዋጣም።

ዘመድ ይስቃል

ጎጃም ያለው አጎቴ በስልክ ስለ ስብስቤ ሲሰማ፣ «አንዷን ጥይት ለማጉረስ ይህን ያህል ትቆያለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «ተው አንተ ልጅ! ጠላትህ ምሳውን በልቶ ይመጣል» አለና በሳቅ ሞተ። ትክክል ነው። እኔ ግን የምለው አለኝ። አፄ ቴዎድሮስ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ኮልትና ረሚንግተን እነዚህኑ ካፕና ድብልብል ጎራሾች ገና እያመረቱ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው እያንዳንዷን ተኩስ አስቀድሞ በእጁ እየሰፈረ ነበር የሚዋጋው። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አውቀው ነበር፤ እጄ ላይ ያለው ቅጂ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ጭሱ ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ እንዴት እንደሚጋርድ አሳየኝ። ለአጎቴ ይህን ሳስረዳው «እሱስ ልክ ነህ» አለ፤ ከዚያ ዋጋውን ጠየቀኝና እንደገና ሳቀ።

ገንዘብ ይሆናል ብላችሁ አትግዙ

ቅጂ ሲያረጅ ያገለገለ ቅጂ ነው የሚሆነው። ከጥቂት ልዩ እትሞች በቀር ከገዛችሁበት በታች ነው የሚሸጠው፤ ፋብሪካው ዛሬም ያንኑ አዲስ እያወጣ ነውና። ትርፍ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ቦታው አይደለም።

ለመጀመር ላሰባችሁ የምለው፦ ሁሉንም ሳትገዙ አንድ ብቻ ግዙ፤ የብረት ፍሬም ያለው፣ 36 ካሊበር ኔቪ ወይም 44 ካሊበር ረሚንግተን፣ አፈሙዙ እንደ ዋናው ረጅም የሆነ። ከገንዘቡ ላይ ለመነጽር፣ ለባሩድ መለኪያ፣ ለጆሮ መከላከያና በልኩ ለተሞረደ ካቻቢቴ አስቀሩ፤ አብሮት የሚመጣው ካቻቢቴ የብሎኑን አናት ያበላሻል። የመጀመሪያውን ዕለት ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። ሁለተኛውን ሽጉጥ የመጀመሪያውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ፈታታችሁ መግጠም ስትችሉ ትገዙታላችሁ።